ከአጎቴ ደብተር ጋር ዳር ዳሩን

ሰኞ፣ አራብሳ

ደብተሩ ሲናር ላይን ነው። ጀርባው ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ አለው። አጎቴ ጥቁር ላስቲክ ለብጠውታል። ሲገለጥ በእጅ የተሰመሩ አራት ዓምዶች አሉ፤ ስም፣ ከፍተኛ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር። ከሥር 41 ሰው ተጽፏል። ሁሉም በ1997ቱ ምርጫ አጎቴ ቤት ለቤት ዞረው ያመጧቸው ናቸው። በነገራችን ላይ «ከፍተኛ» የሚባለው አስተዳደር በ1997ም ቀርቶ ነበር። አጎቴ ግን እስከ ዛሬ ሰፈር የሚጠሩት በከፍተኛ ነው።

አጎቴ 71 ዓመታቸው ነው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። በ1997 ተቃዋሚዎች ከተጣመሩበት ከቅንጅት ጊዜ ጀምሮ ከተቃውሞ ፖለቲካ ወጥተው አያውቁም። ፓርቲያቸው ሲሰነጠቅ ከአንዱ ስንጣሪ ጋር ይሄዳሉ፤ ሲዋሃድ አብረው ይዋሃዳሉ። አሁን ያሉበትን ፓርቲ ስሙን አልጠራም። እሳቸውም አይወዱልኝም።

ጉዞው የተጀመረው በንዴት ነው። ባለፈው ወር በፓርቲው ስብሰባ ላይ አንድ ወጣት አመራር ተነሥቶ፣ «እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የኛ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ አልቋል። የከተማው ሕዝብ ተቀይሯል» አለ። አጎቴ ቤት መጥተው ሲነግሩኝ ሳይቀር እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አልቋል ይለኛል! ስኳር ነው እንዴ የሚያልቀው? የት ሄዶ ነው?»

የት እንደሄደማ የሚያውቅ ሰው አለ። የአዋሬና የካዛንቺስ እድራቸው ገንዘብ ሰብሳቢ። አጎቴ ደብተሩን ይዘው ሰውየው ዘንድ ሄዱ። በአንድ ከሰዓት ሁሉም ተለየ። 8ቱ ሞተዋል። 4ቱ ውጭ አገር ናቸው። 3ቱን እድሩም አያውቃቸውም። የቀሩት 26 ሰዎች በሙሉ ከተማው ዳር ናቸው፤ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጨ፣ ገላን ጉራ፣ ጀሞ። መሀል የቀሩት አጎቴ ብቻ ናቸው።

እኔ የዓመት ፈቃድ ላይ ነኝ። የአጎቴ ጉልበት ደግሞ ደረጃ አይወድም። ስለዚህ እንደ ከዘራ ይዘውኝ ወጡ።

ከመገናኛ በባቡር አያት ደረስን። ባቡሩ እዚያ ያበቃል። በ2008 ሥራ ሲጀምር አያት የዓለም ጫፍ ነበር የሚመስለኝ። አሁን ከጫፉ ወዲያ ሌላ ከተማ ይጀምራል። ታክሲ ተሳፈርን። ረዳቱ «አራብሳ፣ አራብሳ» ሲል አጎቴ በመስኮት ያያሉ፤ ብሎክ፣ ብሎክ፣ ክፍት ሜዳ፣ ደግሞ ብሎክ። «ይሄ ሁሉ ሰው ነው?» አሉኝ። «ሰው ነው ጋሼ» አልኩ።

ሰኞ ረፋድ ላይ ማንንም ቤት አናገኝም ብዬ ፈርቼ ነበር። ተሳሳትኩ። ሰፈሩ በሙሉ ውጭ ነው። ለካ የውሃ ቀን ነው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በዚያ ቀን ከየቤቱ ቢያንስ አንድ ሰው ሥራም ትምህርትም አይሄድም። ግፊቱ ላይኛው ፎቅ ስለማይደርስ ሁሉም ምድር ላይ ካለው ቧንቧ ይቀዳል። ደረጃው ላይ ባዶ ጀሪካን ይወርዳል፣ ሙሉ ጀሪካን ይወጣል። አጎቴ ግድግዳ ተደግፈው ለጀሪካኖቹ መንገድ እየለቀቁ 3ኛ ፎቅ ደረሱ።

የመጀመሪያዋ ሰው ካዛንቺስ በራቸው ላይ ቡና ያፈሉ የነበሩ እትዬ ናቸው። በር ከፍተው አጎቴን ሲያዩ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«መምህር! ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም። ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

ሰው ከመሀል ከተማ እዚህ ድረስ የሚመጣው ለለቅሶ ብቻ ነው ማለት ነው። ቡና ተቆላ። ረከቦቱ ያው የካዛንቺሱ ነው፤ አንድ እግሩ በሽቦ ታስሯል። እትዬ እየቆሉ እንዲህ አሉ፦

«በ1997 ሁለት ቦታ ተመዘገብኩ መምህር። አንዱ ለምርጫ፣ አንዱ ለኮንዶሚኒየም። ዓመት ቢፈጅም ቤቱ ወጣልኝ።»

አጎቴ ሳቁ። ግን ሳቁ ከጉንጫቸው አላለፈም። ደብተሩን ሲያወጡ እትዬ ስማቸውን ፈልገው አገኙት። ጣታቸውን ስሙ ላይ እንዳደረጉ ጠየቁ።

«ሊሰርዙኝ ነው?»

«ፓርቲው... ሰው የለም ነው የሚሉት።»

«አይሰርዙት። አድራሻውን ያስተካክሉት።»

አጎቴ እስክሪብቶ አወጡ። ከዚያ ቆሙ። ብሎክ የሚጻፍበት ዓምድ የለም። ኅዳጉ ላይ በጠባቡ ጻፉት።

አራብሳ ከነበሩት 6 ሰዎች 4ቱን አገኘን። አንደኛው በር ላይ አቅፎ ሳመን፤ «ፓርቲ» የሚል ቃል ስንጀምር ግን ወደ ጎረቤት በር ዞር ብሎ ድምፁን ቀነሰ። አልፈረድኩበትም። ጎረቤቱን ገና አያውቀውም። ካዛንቺስ ቢሆን የማን ግድግዳ ጆሮ እንዳለው ያውቅ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኮዬ ፈጨ

ዛሬ በቃሊቲ በኩል ወጣን። ቱሉ ዲምቱ የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት ነው። መኪናው ሁሉ ወደ አዳማ ይፈተለካል፤ እኛ ወደ ኮዬ ታጠፍን።

ኮዬ ፈጨን የማያውቅ አንባቢ አይኖርም። የካቲት 2011 የ51 ሺህ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ ትልቁ ጭቅጭቅ እዚህ ነበር። በማን መሬት ላይ ነው የተሠራው? በኦሮሚያ ከተሞች ሰልፍ ተወጣ። ያን ጊዜ አዲስ ነገር አልነበረም። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የጋራ ማስተር ፕላን በ2006 ተቃውሞ ቀስቅሶ፣ ስንት ሕይወት አልፎ፣ ጥር 2008 ላይ ነው የተሰረዘው። በ2014 ማብቂያ የከተማውና የክልሉ አስተዳደሮች በወሰን ተስማምተናል አሉ። ከዚያ ሸገር ከተማ መጣ። ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ፣ ገላን በአንድ ሥር ሆኑ። ኮዬ ፈጨ ዛሬ ከሸገር 12 ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው።

ይህን ሁሉ አጎቴ ያውቃሉ። ጂኦግራፊ ነው ያስተማሩት። ግን ማወቅና ማየት ይለያያል።

የምንፈልገው ሰው ኤሌክትሪሽያን ነው። በ1997 የአጎቴ ቀኝ እጅ ነበር። ፖስተር ሲለጥፍ ያድር ነበር። ሱቅ ከፍቷል፤ ኮንቴይነር ውስጥ አምፖልና ሶኬት ይሸጣል። ፀጉሩ ሸብቷል። ተቃቀፉ፣ ተላቀቁ፣ ደግመው ተቃቀፉ።

«አሁንም ካንተ ጋር ነን?» አሉ አጎቴ።

«ካንተ ጋር ነኝ ጋሼ፣ ግን ላንተ መምረጥ አልችልም» አለ። ኪሱ ገብቶ መታወቂያውን አወጣ። በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ነው። «የምመርጠው በኦሮሚያ ምርጫ ክልል ነው። ለክልሉ ምክር ቤት፣ ለጨፌም እመርጣለሁ። የናንተ ፓርቲ እዚህ ዕጩ አለው?»

የለውም። ቢሮም የለውም። አጎቴ ካርዱን እንደ ባዕድ ገንዘብ እያገላበጡ አዩት። ሰውየው አልሞተም፣ አልከዳም፣ ሐሳቡን አልቀየረም። 20 ምናምን ኪሎ ሜትር ቢጓዝ ነው። ፓርቲው ግን አጥቶታል።

እዚህ ላይ ነው ለብቻዬ ማሰብ የጀመርኩት። «ሕዝቡ ተቀየረ» ሲባል ሁላችንም የሚመጣብን ሌላ ሰው መጥቶ የኛን ቦታ ሲይዝ ነው። እኔ እስካሁን ያየሁት ደግሞ ተቃራኒውን ነው። የራሱ የፓርቲው ሰው ነው ተነሥቶ ሌላ ሰው መካከል የገባው።

ከሱቁ ስንወጣ የብሎኩ ጥበቃ ጋር ተገናኘን። ወጣት ነው፣ 25 ቢሆነው። አጎቴ «አካም» አሉት። «ነጋ» ብሎ ደነገጠ። አጎቴ በደርግ ጊዜ አምቦ ስድስት ዓመት አስተምረዋል። ኦሮምኛቸው እንደ ቆየ ብስክሌት ነው፤ ይንቋቋል እንጂ ይሄዳል። ልጁ ወዲያው ወንበሩን ለቀቀላቸው። ቁጭ አሉ። ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ አወሩ።

ልጁ እጁን ዘርግቶ አሳየን። የመኪና ማቆሚያው ያለበት የአባቱ የጤፍ ማሳ ነበር። ከዚያ ወዲያ የአጎቱ። ካሳ ተከፈለ፤ ገንዘቡ ሁለት ዓመት አልቆየም። አባቱ አሁን ወደ ውስጥ ዘመድ ጋ ገብተዋል። እሱ በአባቱ መሬት ላይ የቆመውን ሕንፃ በወር ደመወዝ ይጠብቃል። ይህን ሲናገር አላለቀሰም፣ አልተቆጣም። ችግሩ ለኛ ነበር፤ ምን እንደምንል ጠፋን።

ከዚያ ጠየቀ፦ «የናንተ ፓርቲ በኛ ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት አለው?»

አጎቴ ቦርሳቸውን ከፈቱ። በውስጡ የአማርኛ በራሪ ወረቀቶች እንዳሉ ሁለታችንም እናውቃለን። ቢሆንም ከፍተው አዩ። ዘጉት።

«የለውም ልጄ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ልትሠሩ መጣችሁ?»

በክፋት አይደለም የጠየቀው። የእውነት ማወቅ ፈልጎ ነው። አጎቴ «የድሮ ጓደኞቼን ልፈልግ» አሉ። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። መልሱ የገባው መሰለኝ። እንደ እሱ ካለ ከማናውቀው ሰው ጋር ለማውራት እንዳልመጣን።

ከ5ቱ ሰዎች 3ቱን አግኝተን ተመለስን። ታክሲ ውስጥ አጎቴ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ቃሊቲ ስንደርስ ብቻ፣ «ስድስት ዓመት አምቦ አስተማርኩ። አንድ ወረቀት እንኳን መተርጎም እችል ነበር» አሉ።

ረቡዕ፣ ቤት

ጉልበታቸው አበጠ። ቤት ዋልን። ረቡዕ ስለሆነ ሽሮ በላን፤ ከዚያ አጎቴ የክፍል ውስጥ ልምዳቸው ተነሣባቸው። የድሮ ካላንደር ገልብጠው ጀርባው ላይ አዲስ አበባን ሣሉ። ክብ። በክቡ ውስጥ 23 ነጥብ።

23ቱ የከተማዋ የፓርላማ ወንበሮች ናቸው። በግንቦት 1997 ተቃዋሚዎች 23ቱንም ጠቅልለው ወሰዱ። ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች ቅንጅት 137ቱን አገኘ። በ2002 ተቃዋሚ ከአዲስ አበባ ያገኘው ወንበር 1 ነው። በ2007 ባዶ። በ2013ም ተቃዋሚ ፓርቲ ከከተማዋ አንድም አላገኘም። መካከል ላይ የሆነው ይታወቃል፤ ጥይቱ፣ እስሩ፣ ስደቱ፣ እርስ በርስ መናከሱ። ሁሉንም በሕዝብ ቁጥር ላይ ማላከክ አይቻልም። ተቃዋሚው በራሱ እጅ ያፈረሰውም ብዙ ነው። አጎቴ ራሳቸው ሦስት ክፍፍል አይተዋል፤ በሁለቱ ከየትኛው ወገን እንደነበሩ ዛሬ ተምታቶባቸዋል።

ቁጥሩ ግን ልብ ይሏል። በ1997 23፣ በ2013ም 23። በመካከሉ ከተማው እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ከቡሃቃው ፈሷል። ክፍለ ከተማ እንኳ ከ10 ወደ 11 አድጓል፤ ለሚ ኩራ የመጣው በዚሁ በምሥራቅ በኩል ስለፈሰሰ ነው። የምርጫ ሥርዓታችን ደግሞ በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘ ብቻውን ይወስዳል። አንድ ቦታ የታጨቀ ደጋፊ ወንበር ያመጣል። በየዳሩ የተበተነ ደጋፊ ምንም አያመጣም። ቅንጅትን የመረጠው ሰው በሙሉ በሕይወት ቢኖር እንኳ፣ ዛሬ እንደ ጨው ተበትኗል።

ስንት ሰው የት እንዳለ በትክክል የሚያሳይ ቆጠራስ? የመጨረሻው በ1999 ነው። ያኔ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ሰው ነበራት። ከመቶው 47ቱ አማራ፣ 20 የሚጠጉት ኦሮሞ፣ 16ቱ ጉራጌ ተብሎ ተመዘገበ። ሕገ መንግሥቱ በየ10 ዓመቱ ይቆጠር ይላል። ቀጣዩ ተራዘመ፣ እንደገና ተራዘመ፣ ቀረ። ስለዚህ ያ ወጣት አመራር «ሕዝቡ ተቀይሯል» ሲል፣ እኛም «አልተቀየረም» ስንል፣ ሁላችንም የምንከራከረው በዚያ ዓመት ፎቶግራፍ ላይ ነው። ፎቶው ውስጥ ያለው ሕፃን ዛሬ ድምፅ ይሰጣል።

ማታ ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ ደወለ። ታሪኩን ስነግረው ሳቀ። «እኛ ጋም እኮ ይሄው ነው» አለ። የአሜሪካውን ሪፐብሊካን ፓርቲ ማለቱ ነው። በፈረንጆቹ 2012 የፓርቲው ዕጩ ሚት ሮምኒ ሲሸነፍ ከላቲኖ መራጮች ያገኘው 27 በመቶ ነበር። አገሪቱ በቀለም እየተለወጠች ነው፣ ነጭ መራጭ እየቀነሰ ነው፣ ይሄ ፓርቲ ካልተለወጠ አለቀለት ተባለ። ፓርቲውም በዓመቱ ራሱን መርምሮ ሰነድ አወጣ፤ ስደተኛውን አቅርቡ፣ ቋንቋችሁን አለስልሱ የሚል። ከዚያ ምን ሆነ? በ2016 ትራምፕ የሰነዱን ተቃራኒ ይዞ ተወዳደረና አሸነፈ። በ2024 ደግሞ ያው ሰውዬ ከላቲኖ መራጮች ግማሽ የሚጠጋውን አገኘ።

«እና ምን ማለትህ ነው?» አልኩት።

«በዘር ቆጥሮ ማን ማንን እንደሚመርጥ የሚያውቅ የለም ነው የምለው። ሰዉ ስለ ኑሮ ውድነት ሲያወራ ፓርቲዎቹ ስለ ሰዉ ቀለም ያወሩ ነበር።»

ለአጎቴ ነገርኳቸው። «አሜሪካና ኮዬ ምን አገናኛቸው» ብለው ተኙ። ልክ ናቸው፤ ብዙ አያገናኛቸውም። እዚያ ካልተስማማህ በነጋታው ሥራ ትገባለህ። እኔ ግን ያ የጥበቃ ልጅ ትዝ እያለኝ ቆየሁ። በአንድ ነጥብ በካላንደሩ ላይ ቢሣል፣ ሰው «የነሱ» ብሎ ያልፈዋል። እሱ ግን ወንበሩን ለቆ ጥያቄ ጠይቆ ነበር።

ሐሙስ፣ ገላን ጉራ

ይሄኛው ሌላ ነው። እዚህ የመጡት ዕጣ ወጥቶላቸው ሳይሆን ተነሥተው ነው። በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እዚህ ሰፈረ። ከአጎቴ ዝርዝር 11 ሰው እዚህ ነው። ከ11ዱ 9ኙን በአንድ ቦታ አገኘን። አንድም በር አላንኳኳንም።

ድንኳን ተተክሏል። ደነገጥን፤ ለቅሶ መሰለን። አይደለም፣ የእድር ስብሰባ ነው። ድንኳኑ ራሱ ካዛንቺስ የነበረው ነው። ሸራው ላይ የድሮው ቀበሌ ቁጥር በቀይ ቀለም እንደተጻፈ አለ። አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ የብርጭቆ ሳጥኑ፣ ሁሉም በአይሱዙ ተጭኖ መጥቷል። አንድ አዛውንት እንደነገሩን፣ የቤት ዕቃቸውን ከመጫናቸው በፊት የእድሩን ነው የጫኑት።

የስብሰባው አጀንዳ ከባድ ነበር። አጠገባቸው ያሉት ብሎኮች ውስጥ ከካዛንቺስ ያልመጡ ሰዎች አሉ። ከጉራጌ የመጡ ነጋዴዎች፣ ተከራይ የወላይታ ልጆች፣ ከዚሁ ከገላን አካባቢ የሆኑ ሁለት የኦሮሞ ቤተሰቦች። እድሩ ውስጥ ይግቡ ወይስ አይግቡ? አንዱ ተነሥቶ፣ «ይሄ የካዛንቺስ ልጆች እድር ነው፤ አባቶቻችን በሳንቲም ያቋቋሙት ነው፤ ስሙ ይጠፋል» አለ። ጭብጨባ። እኔ ይሄን ንግግር የሆነ ቦታ ሰምቼዋለሁ። አጎቴን አየኋቸው። መሬት መሬት ያያሉ።

ከዚያ ሰብሳቢው ተነሡ። ቀጭን፣ ኮፍያ ያደረጉ ሰውዬ። የተናገሩት አጭር ነው፦

«ባለፈው ወር የሞቱትን ወንድማችንን ከ4ኛ ፎቅ ያወረዳቸው ማነው? እኛ ሁላችንም ጉልበታችን አልቋል። ያወረዷቸው እነዚያ የወላይታ ልጆች ናቸው። አባል ሳይሆኑ። እኔ ስሞት ማን እንዲያወርደኝ ነው የምትፈልጉት?»

ድንኳኑ ጸጥ አለ። ከዚያ ሳቅ ተነሣ። እጅ ወጣ። ገቡ።

የቀረው ዝርዝር ነበር። ተከራይ ቤት ሲለቅ ምን ይሁን? መዋጮው 100 ብር ይሁን ወይስ ይቀነስ? ስሙ «የካዛንቺስ» ይቆይ ወይስ የገላን ጉራ ይጨመርበት? በስሙ ላይ ከሁሉም በላይ ተጨቃጨቁ፤ በመጨረሻ ሁለቱንም አደረጉት፣ ረጅም ሆነ፣ ማኅተሙ ላይ አይበቃም ተባለ። ጸሐፊው የተወሰነውን ካነበበ በኋላ አንዲት ሴት ተነሥታ ለሁለቱ ቤተሰቦች በኦሮምኛ ደገመችላቸው። ማንም አልጠየቃት። ማንም ፖለቲካ ነው አላለም።

አጎቴ ስብሰባው ሲያልቅ ዘጠኙን ሰዎች አንድ በአንድ ሳሙ። ደብተሩን ግን አላወጡም። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ «እዚህ መካከል? አፍሬ ነው» አሉ። እድሩ ሰዎቹን አንድም ሳይጥል ይዞ መጥቷል። እሳቸው በ20 ዓመት አንዴ መምጣታቸው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እድር ፓርቲ አይደለም፣ መሆንም የለበትም። በሞት ጊዜ መተሳሰብ ቀላል ነው፤ በሥልጣን ጊዜ ነው ጭንቁ። ይህን አውቃለሁ። ቢሆንም የዚያን ሰብሳቢ አንድ አረፍተ ነገር በፓርቲው ስብሰባ ላይ ብሰማው ደስ ይለኝ ነበር።

ዓርብ

የትም አልሄድንም። ጉልበት፣ ቅባት፣ ፋሻ።

ቅዳሜ፣ ጀሞ

ጀሞ ከሌሎቹ ሲወዳደር አርጅቷል። ዛፎቹ አድገዋል። ካፌው፣ ፀጉር ቤቱ፣ ቁርጥ ቤቱ ሞልቷል። ከ4ቱ ሰዎች 2ቱን አገኘን። ሦስተኛው ቤቱን አከራይቶ ልጁ ጋ ሄዷል። በሩን የከፈቱልን ተከራዮቹ ናቸው፤ አራት ላጤዎች፣ አንድ ሳሎን፣ ግድግዳ ላይ የአርሴናል ባንዲራ።

አንዱ በሞተር ዕቃ ያደርሳል። ከሆሳዕና ነው የመጣው፤ 21 ዓመቱ። ምርጫ ስንለው ትከሻውን ነቀነቀ። መታወቂያው የሆሳዕና ነው። እዚህ ለመመዝገብ መሸኛ ማምጣት አለበት። መሸኛ ለማምጣት ሁለት ቀን ሥራ መፍታት፣ ከዚያ አከራዩ እዚህ እንደሚኖር መመስከር አለበት፤ አከራዩ ደግሞ ግብር ይመጣብኛል ብሎ ይፈራል። ቢሳካለት እንኳ ምርጫው ሳይደርስ ኪራይ ተጨምሮበት ሌላ ሰፈር ይገባል። ከስድስት ወር በላይ አንድ ቤት ተቀምጦ አያውቅም። ሕጉ ለመራጭ የሚጠይቀው ደግሞ ያንኑ ስድስት ወር ነው።

አጎቴ ልጁን ወደዱት። የ1997ን ታሪክ ይነግሩት ጀመር። የመስቀል አደባባዩን ሰልፍ፣ ሰዉ እንዴት እንደተመመ። በመሀል ሁለት ጣታቸውን አነሡ፤ የቅንጅት ምልክት። ልጁ ፈገግ አለና ስልኩን አወጣ። ራሱም ሁለት ጣቱን አነሣ። ፎቶ እንነሣ ያሉት መስሎታል።

ፎቶው ስልኬ ላይ አለ። አጎቴ ግራ ገብቷቸዋል፣ ልጁ እየሳቀ ነው፣ ከኋላ አርሴናል።

እሁድ፣ አዋሬ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ አጎቴ ሱቅ ላኩኝ። አዲስ ደብተር ገዛሁ፤ ያው ሲናር ላይን። ማስመሪያ ጠየቁኝ። ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብለው እንደ ድሮ ፈተና ወረቀት መሥመር ማስመር ጀመሩ። ያገኘናቸው 18 ሰዎች ናቸው፤ መጀመሪያ እነሱ ይገባሉ አሉ። ከዚያ የኮዬው ጥበቃ፤ ስሙን እንኳ አልጠየቅንም፣ ኤሌክትሪሽያኑ ጋ ደውለን እንጠይቀው። ከዚያ የሞተሩ ልጅ።

«ጋሼ፣ እነሱ እኮ አባል አይደሉም» አልኳቸው።

«ማን አባል ነው አለ? ዝም ብዬ ነው የምጽፋቸው።»

ከፍተኛና ቀበሌ ቀሩ። ስም፣ ሳይት፣ ብሎክ፣ ወለል። አምስተኛው ላይ «ባለቤት ወይስ ተከራይ» ብለው ጻፉ። አንድ ዓምድ ቀረ። «ቋንቋ» አሉና ጻፉ። ትንሽ አሰቡ። ሰረዙት። «ይሄንማ ስንሄድ እንሰማዋለን» አሉ። ዓምዱ ባዶ ሆኖ ቆየ። ሻይ ጠጣን። ዜና ሰማን። ከዚያ መነጽራቸውን መልሰው አድርገው፣ በዚያ በተቆረጠ የመምህር ጽሕፈታቸው፣ «ውሃ የሚመጣበት ቀን» ብለው ሞሉት።

«ያን ቀን ነው ሁሉም ቤት የሚገኘው» አሉኝ። «አራብሳ ሰኞ ነው አይደል?»